ሐጂ የሱፍ ጉና የወጡ ዕለት

ሂክማ የሱፍ ጉናን እያየች ነው ያደገችው። ደብረ ታቦር ከአባቷ የጨርቅ ሱቅ በረንዳ ላይ ቆሞ ያማተረ ሁሉ ያየዋል፤ ጠዋት ጭጋግ ተከናንቦ፣ ረፋዱ ላይ ደግሞ ትከሻውን ገልጦ ጋደም ያለ ትልቅ ተራራ ነው። የከተማው ሰው ግን ጉናን የሚያነሣው ብርዱን ለመውቀስ ብቻ ነው። «ዛሬ ደግሞ ጉና ለቀቀብን» ይላል፣ ጋቢውን ሰብሰብ ያደርጋል፣ ያልፋል። ሂክማም ህንድ አገር እስክትሄድ ድረስ ስለ ጉና ከዚህ የተለየ ነገር አስባ አታውቅም ነበር።

ህንድ የሄደችው ለሽርሽር አይደለም፤ ሽርሽሩ የአሠሪዎቿ ነበር። ኩዌት ውስጥ ልጅ ትጠብቅላቸው የነበሩት ሰዎች ሙቀቱ ሲያንገበግባቸው ጓዛቸውን ጠቅልለው ወደ ቀዝቃዛ አገር ይሸሹ ነበር። አንድ ዓመት ላይ ምርጫቸው የሂማላያ ተራሮች ሆነ፤ ዳርጂሊንግ የምትባል ከተማ። ነገሩን የጠነሰሰችው የቤቱ ምግብ አብሳይ ሱኒታ ናት። አገሯ እዚያው ስለሆነ፣ ማዳም በጠየቀቻት ቁጥር ከተማዋን እየኳለች ስትነግራት ከረመች። በመጨረሻ ቤተሰቡ ሁለቱንም ሠራተኞች አስከትሎ ተነሣ።

ዳርጂሊንግ ሂክማን አፏን አስያዘቻት። ቤቱ ገደሉ ላይ እንደ ሱቅ ዕቃ አንዱ ከአንዱ በላይ ተደርድሯል። መጫወቻ የምትመስል ባቡር ጭሷን እያትጎለጎለች በገበያው መሐል ታልፋለች፤ ባለሱቁ እጁን ቢዘረጋ መስኮቷን ይነካዋል። ከከተማው በታች የሻይ ቅጠል ማሳ እንደተበጠረ ፀጉር ተስተካክሎ ቁልቁል ይወርዳል። ከሁሉም ያስገረማት ግን ሰዉ ነው። ከሙቀት አገር፣ ያውም ገንዘቡን ከፍሎ የመጣ ሰው፣ ገና ሳይነጋ ብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ኮረብታ ላይ ቆሞ ይንቀጠቀጣል። ፀሐይ ብቅ ስትል፣ ካንቼንጁንጋ የሚሉት በረዶ የለበሰ ተራራ ፍም መስሎ ሲቀላ፣ ያ ሁሉ ሕዝብ እልል ይላል።

«ለተራራው ነው እንዲህ የሚሆኑት?» ብላ ሱኒታን ጠየቀቻት። የሚግባቡት ኩዌት በለመዱት ዐረብኛ ነበር።

«ታዲያስ! አገር አቋርጠው የሚመጡት ለእሱ አይደል?» አለች ሱኒታ፣ ተራራውን ራሷ የወለደችው ይመስል ደረቷን ነፍታ።

ሂክማን ቅናት ቢጤ ቆነጠጣት። «እኛም አገር አለ» አለች። «ጉና ይባላል። ከደጃችን ሆነን እናየዋለን።»

«አናቱ ላይ ሲሆኑስ ምን ይታያል?»

ሂክማ አንገቷ ላይ የተጠመጠመውን የማዳምን ትንሽ ልጅ ወደ ሌላው ትከሻዋ አዛወረች። «ወጥቼ አላውቅም» አለች።

ሱኒታ እስክትንፈራፈር ሳቀች። «እንግዲያው ያንቺ አይደለም! መጀመሪያ ውጪውና አሳዪኝ።»

«አገሬ ስገባ አሳይሻለሁ፤ ወላሂ አሳይሻለሁ!» አለች ሂክማ፣ እልህ ይዟት።

ሁለቱም በየጊዜያቸው አገራቸው ገቡ። ሂክማ በአባቷ ሱቅ ጨርቅ እየለካች መሸጥ ያዘች፤ ሱኒታም ዳርጂሊንግ አንድ የእንግዳ ማረፊያ ውስጥ ወጥ ቤት ተቀጠረች። ሲደዋወሉ የሱኒታ የመጀመሪያ ጥያቄ «ጉናስ?» ነው። ሂክማ ዝናብ ነው ትላለች፤ ዝናቡ ሲያባራ ደግሞ ሥራ በዝቶብኝ ነው ትላለች። መስከረም ሊያልቅ ሲል ግን ሱኒታ «ይኼ ጉና የምትይውን እንጃ፣ መኖሩንም መጠራጠር ጀምሬያለሁ» ብትላት፣ ሂክማ ስልኩን ዘግታ በቀጥታ ወደ አባቷ ሄደች።

ሐጂ የሱፍ ብርድን እንደ ክፉ ጎረቤት ነው የሚያዩት። ደብረ ታቦር ተወልደው፣ ደብረ ታቦር ሸምግለው፣ እስከ ዛሬ ከአየሩ ጋር አልታረቁም። ሹራብ በሹራብ ላይ ይደርባሉ፤ ከዚያ ኮት፣ ከኮቱ በላይ ጋቢ። ከመስጊድ ሱቅ፣ ከሱቅ ቤት፤ ከዚያ የዘለለ መንገድ አይወዱም።

«አባባ፣ ሰኞ ጉና እንውጣ» አለቻቸው።

«ጉና? ለቅሶ አለ እንዴ?»

«የለም።»

«ሰርግ ነው?»

«ሰርግም አይደለም።»

«ገበያ እንዳልል ጉና ላይ ገበያ የለም። ዘመድ እንዳልል እዚያ ዘመድ የለን። ምን ልንሠራ ነው የምንወጣው?»

«ልናይ።»

«ምኑን?»

«አገሩን ነዋ!»

ሐጂ መቀሳቸውን አስቀምጠው ልጃቸውን ትክ ብለው አዩአት። «አገሩ ከዚህም ይታየኛል» አሉ። «ያውም ተቀምጬ።»

በረንዳው ላይ የስፌት መኪናዋን ዘርግታ የምትሠራው አሰለፈች ሳቋን ለቀቀችው። ከሱቁ የተገዛውን ጨርቅ እዚያው ቀሚስ አድርጋ የምትሰፋው እሷ ናት፤ ውስጥ የሚባለውን ሁሉ ትሰማለች፣ ከሰማችም ዝም አትልም።

«ሂክማዬ፣ እኔ አብሬሽ እሄዳለሁ» አለች። «ሐጂን ተያቸው። እሳቸው ሱቁን ይጠብቁ፤ ስንመለስ ያየነውን እንነግራቸዋለን።»

«ምን ስትይ! እናንተን ብቻችሁን ተራራ ላይ ሰድጄ እኔ እዚህ ጨርቅ ልለካ? ሰው ምን ይለኛል?» አሉ ሐጂ።

«እንግዲያው ይምጡ» አለች ሂክማ አፍታ ሳትሰጥ።

ሐጂ መያዛቸው የገባቸው ነገሩ ካለቀ በኋላ ነው።

ሰኞ ገበያው ስለሚቀዘቅዝ ሱቁ ተዘጋ። የሰፈራቸው ሾፌር ደሳለው ሚኒባሱን ይዞ ደጅ ቆመ። የሂክማ እናት ወይዘሮ ሩቅያ «እኔ ከምድጃዬ አልለይም» ብለው ቀሩ፤ ባላቸውን ግን ዳግመኛ የማያገኟቸው ይመስል ጠቅልለው ሸኟቸው። ከሁለቱ ሹራብ በላይ ሦስተኛ ተጨመረ፣ ጆሮ የሚሸፍን ቆብ ተደፋ፣ በዚያ ላይ ብርድ ልብስ ተጠመጠመ። ሐጂ በሚኒባሱ በር መግባት አቅቷቸው ከኋላ መገፋት ነበረባቸው።

«ሐጂ ኖት ወይስ ጣቃ ጨርቅ?» አለች አሰለፈች፤ ደሳለው መሪውን ተደግፎ እስኪያነባ ሳቀ።

የጋይንትን መንገድ ይዘው ወጡ። ማሳው ዳር አደይ አበባ ገና አልረገፈም ነበር። ክምር ድንጋይ ከተማን ካለፉ በኋላ ከአስፋልቱ ተገንጥለው ኮረኮንቹን ተያያዙት። ባሕር ዛፉ እየሳሳ፣ ገብሱና ድንቹ እየበዛ ሄደ። ከዚያ እርሻውም ቀረና ጓሳ ሣር ብቻ ሆነ፤ በጓሳው መሐል ጅብራ የሚባሉት ረዣዥም ተክሎች እንደ ጎፈሬያም ዘበኞች እዚህም እዚያም ቆመዋል። ሂክማ መስኮቱን ከፈተች። የገባው ነፋስ የዳርጂሊንግን ጠዋት አስታወሳት፤ ይኼኛው ግን እርጥብ አፈርና ሣር ሣር ይሸታል።

«ዝጊው!» አሉ ሐጂ ከብርድ ልብሱ ውስጥ።

መኪና የሚደርስበት ጫፍ ላይ ሲደርሱ ጭጋጉ መጣ። እንደ መጋረጃ ከታች ተነሥቶ ጅብራዎቹን አንድ በአንድ ሸፈናቸው። ሂክማ ከመኪናው ወርዳ ዞር ዞር አለች። ምንም የለም። ስልኳን አወጣች፤ ኔትወርኩ ከከተማው ይልቅ እዚህ ጠንክሯል፤ በቪዲዮ ደወለች።

ሱኒታ ወጥ ቤቷ ውስጥ ማማሰያ ይዛ ብቅ አለች። ሂክማ ስልኩን ወደ ጭጋጉ አዞረችው። «ይኸውልሽ፣ ጉና!» አለች።

ሱኒታ ዓይኗን አጥብባ ቆየች። «እኅቴ፣ ይኼ ያልተቀባ ግድግዳ አይደለም እንዴ?»

«ጭጋግ ነው! ትንሽ ታገሺ፣ ይገለጣል።»

«እሺ፣ ሲገለጥ ደውዪልኝ» ብላ ሱኒታ ስትስቅ ስልኩ ተቋረጠ።

ሂክማ ዕንባዋ መጣ። ስንት ጊዜ ስትፎክርበት የኖረችው ተራራ አናቱ ላይ ወጥታ አልታይ አላት። ይህን ስታስብ ከጭጋጉ ውስጥ አንድ ገበሬ ዳማ ፈረስ እየሳበ ብቅ አለ። ሞላ ይባላል፤ ቤቱ ከዚያው ተራራ በወዲያኛው በኩል ነው።

«ምነው፣ መኪናው ተበላሸባችሁ?» አላቸው።

«አይ፣ ደኅና ነው። ልናይ ነው የመጣነው» አለች ሂክማ።

ሞላ ጭጋጉን አየ፣ እነሱን አየ። «ምኑን?»

«እንዳትደክም ወንድሜ» አሉ ሐጂ፤ «ይኸንኑ እኔም ስጠይቅ ነው የከረምኩ።» ወዲያው ግንባራቸውን ያዝ አደረጉ። ራሳቸውን ወግቷቸው፣ ትንፋሽም አጥሯቸው ነበር።

«ከፍታው ነው» አለ ሞላ። «አገሩን ያልለመደ ሰው እንዲህ ያደርገዋል። ፈረሱ ላይ ይውጡና ወደ ቤት ዝቅ እንበል፤ ትኩስ ነገር ሲቀምሱ ይለቅዎታል።»

«ፈረስማ አውቃለሁ» አሉ ሐጂ፣ ሕመማቸውን ትንሽ ረስተው። «በጎልማሳነቴ አንበሳሜ ገበያ ጨርቅ ሳደርስ በቅሎ ላይ ነበር የማድረው።»

ሞላና ደሳለው ተጋግዘው ከነብርድ ልብሳቸው ሰቀሏቸው። ሐጂ ኮርቻው ላይ ሲደላደሉ ጀርባቸው ቀጥ አለ። ሞላ ልጓሙን ይዞ ሊነሣ ሲል ሰማዩ ከአናታቸው በላይ አንዴ ጓ አለ፤ ባቄላ የሚያህል በረዶም ያለ ማስጠንቀቂያ ይወርድ ጀመር። ሞላ ጋቢውን ራሱ ላይ ሊጥል አንድ እጁን አነሣ። ፈረሱ የጠበቀው ይህችን ነው፤ ልጓሙን ከሌላው እጁ መንጭቆ ተፈተለከ። የሐጂ ብርድ ልብስ እንደ ባንዲራ አንዴ ሲውለበለብ ታየና ፈረሱም ሰውየውም ጭጋጉ ውስጥ ገቡ።

«አባባ!» ብላ ጮኸች ሂክማ።

ከወዲያ የመጣው የሐጂ ድምፅ ብቻ ነው። «ቢስሚላህ! ቢስሚላህ! ቢስ...» እያለ ራቀ፣ ራቀ፣ ጠፋ።

አሰለፈች አማተበች፤ «ወይኔ፣ ለሩቅያ ምን ብዬ ልንገራት?» ደሳለው መኪናውን ትቶ ሊሮጥ ቢነሣ በረዶው ላይ ተንሸራቶ በመቀመጫው ቁጭ አለ። ሞላ ብቻ አልደነገጠም።

«አይዟችሁ» አለ። «ይኼ ፈረስ በረዶ ሲመታው የትም አይሄድም፤ ቤቱ ነው የሚገባው። መንገዱም ሜዳ ነው፣ ገደል የለበትም። ብቻ አባትሽ ኮርቻው ላይ ይቆዩልኝ እንጂ።»

«አይወድቁም» አለች ሂክማ።

በረዶው እንደ መጣው ሁሉ ድንገት አባራ። ምድሩ ነጭ ሆኗል፤ ጓሳው፣ ድንጋዩ፣ የጅብራው ቅጠል ሳይቀር። በዚያ ነጭ ላይ የፈረሱ ኮቴ ጥርት ብሎ ታትሟል። አራቱም ኮቴውን ተከትለው ቁልቁል ወረዱ። ሂክማ ከሞላ እንኳ ትቀድም ነበር። አንድ ቦታ ላይ የአባቷን ቆብ አገኘች፤ አንስታ ብብቷ ሥር ሸጎጠችው። ትንሽ ወረድ ብላ ብርድ ልብሱን አገኘች። ቀጥሎ ጋቢውን።

«ልብሱን ነው የሚዘሩት፣ ራሳቸውማ ደኅና ናቸው» አለች አሰለፈች፣ እያለከለከች።

እየወረዱ ሲሄዱ ጭጋጉ ሳሳ፣ ከዚያ ከራሳቸው በላይ ቀረ። ከፊታቸው ፀሐይ ያረፈበት ግቢ ታየ። ፈረሱ ከነኮርቻው በረት አጠገብ ቆሞ ገለባ ይበላል። ሐጂ የሱፍ ደግሞ ደጃፉ ላይ፣ የበግ ለምድ ጀርባቸው ላይ ጣል ተደርጎላቸው፣ የተቀቀለ ድንች እየላጡ ተቀምጠዋል። የሞላ ሚስት እመቤት አጠገባቸው ቆማ በሳቅ ትፈርሳለች።

ሂክማ ሮጣ አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች። «አባባ፣ ደኅና ኖት? ተጎዱ? ራስዎን አሁንም ያምዎታል?»

«የምን ራስ?» አሉ ሐጂ። ጉንጫቸው ቀልቷል፣ ዓይናቸው ይብለጨለጫል። «እንዴት እንደ በረረ አያችሁ? አንዴ እንኳ ኮርቻ አለቀቅኩም! አልሐምዱሊላህ! ይቺ ሴትዮ ምስክሬ ናት።»

«እውነት ነው» አለች እመቤት። «ግቢው ሲደርሱ ግን አልወርድም ብለው ነበር። አንዴ ደግሜ ልዙር ነው የሚሉኝ።»

«ይልቅ እኔን ተዉኝና ዙሩ» አሉ ሐጂ፣ ድንች በያዘው እጃቸው እየጠቆሙ። «እዩ!»

ዞሩ። ምድሩ ከእግራቸው ሥር ተነሥቶ ይወርዳል፤ ቢጫና አረንጓዴ ማሳ፣ ሸንተረር፣ ከሸንተረሩ ወዲያ ሌላ ሸንተረር። የጉማራ ወንዝ ከዚሁ ተራራ ሥር ተነሥቶ እየተጠማዘዘ ወደ ምዕራብ ይሄዳል። በስተመጨረሻ፣ ሰማይና ምድር ሊገናኙ ሲሉ፣ ጣና እንደ ብር ሳህን ተዘርግቶ ያበራል።

አሰለፈች ጣቷን ቀስራ «ያ ሐሙሲት ነው» አለች፤ ትውልዷ ከዚያ ነው።

«ሐሙሲት ከዚያ ወደ ቀኝ ነው» አሉ ሐጂ።

«የተወለድኩበትን አገር አንቱ ሊያሳዩኝ ነው እንዴ?»

«አሁን የተራራውን መንገድ የማውቀው እኔ ነኝ!»

እነሱ ሲከራከሩ ሂክማ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ዳርጂሊንግ ያን ሁሉ ውበት ያየችው በሰው ትከሻ ላይ አንጋጣ፣ ክንዷ ላይ ልጅ እያለቀሰ፣ ማዳም በጠራቻት ቁጥር እየሮጠች ነበር። አሁን እጇ ባዶ ነው። የሚጠራት የለም። እስክትጠግብ አየች።

ከዚያ ደወለች። ስልኩን በዝግታ ከጫፍ እስከ ጫፍ አዞረችው። ከወዲያ የሱኒታ ማማሰያ ድስቱ ውስጥ ሲወድቅ ተሰማ።

«ያ የሚያበራው ምንድን ነው? ባሕር ነው?»

«ሐይቅ ነው። ጣና ይባላል፤ ዓባይ ከእሱ ነው የሚወጣው።»

«ያ ግብፅ የሚደርሰው ዓባይ? አንቺ ይኼን ሁሉ ደጅሽ አስቀምጠሽ ነው የኔን የሻይ ማሳ አፍሽን ከፍተሽ ስታዪ የነበረው?»

«ያንቺንስ ዛሬ አታሳዪኝም?»

ሱኒታ ወደ መስኮቷ ሄዳ ስልኳን አዞረች። ድፍን ነጭ ጭጋግ ነው። «የኔው ዛሬ ተኝቷል» አለች፤ ሁለቱም እስኪደክማቸው ሳቁ።

ሐጂ ስልኩን ከልጃቸው እጅ ወሰዱት። ህንድ ድረስ እንዲሰማ ብለው በኃይል ጮኹ፤ «አሰላሙ አለይኪ! እኔ የሂክማ አባት ነኝ! ዛሬ በፈረስ ነው የመጣሁ!» ሂክማ እየሳቀች አስተረጎመች። ሐጂ ከአጥሩ ሥር ያልቀለጠ በረዶ ዘግነው ለስልኩ አሳዩ። «ይኸው፣ እኛም በረዶ አለን በያት። ትምጣ፤ ፈረሱን እኔ እለምንላታለሁ።»

«ቤቴ ቤቷ ነው በያት» አለች እመቤትም፤ ወደ ጓዳ ገብታም ሌላ ድንች ከነሚጥሚጣው ይዛ መጣች። ሁሉም ከአንድ ገበታ ከበው በሉ። ደሳለው ከአንድ ሰው የማይጠበቅ ያህል በላ።

ወደ መኪናው ሲመለሱ ሐጂ በእግር አልሄድም አሉ። ሞላ ልጓሙን በሁለት እጁ ጨብጦ ሳባቸው፤ ሂክማ አጠገባቸው እየተራመደች የተበተነውን ልብስ ተሸከመች። አንዱንም መልሰው አልደረቡትም።

በማግስቱ ሱቁ ውስጥ ጨርቅ የሚገዛ ሰው ሁሉ ወሬውን ሳይሰማ አልወጣም። በረዶው ባቄላ ያክል የነበረው ሳምንቱ ሳይጋመስ እንቁላል አክሏል፤ ፈረሱም ነጭ ሆኗል። አሰለፈች ከበረንዳው «ዳማ ነበር!» እያለች ታርማለች፤ ሐጂ አይሰሟትም። የገበያው ነጋዴዎች መጀመሪያ ሳቁባቸው፣ ቀጥሎ ጠየቋቸው፣ ቀጥሎ ደግሞ «መቼ ነው የምትወስዱን?» ማለት ጀመሩ።

በቀጣዩ ሰኞ የደሳለው ሚኒባስ ሞልቶ ሁለተኛ መኪና ተፈለገ። ወይዘሮ ሩቅያም ምድጃቸውን ትተው ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ከዚያ ወዲያ ሰው ወደ ጉና መውሰድ የሂክማ ሥራ ሆነ፤ ከባሕር ዳር ሙቀት የሸሹ ዘመዶች መጡ፣ ዘመዶቹ ጓደኞቻቸውን አመጡ። እመቤት ደጃፏ ላይ አግዳሚ አስተከለች፣ ሞላ የጎረቤቱን ፈረሶች አሰለፈ። ሂክማ ሰኞ ሰኞ ከሱቁ ትቀርና እንግዶቿን ከፊት ሆና ትመራለች። የሚኒባሱ መስኮት ሁሌም ክፍት ነው፤ ሐጂ ከኋላ ወንበር ሆነው ለአዲስ መጪዎች ኮርቻ ላይ እንዴት እንደሚቀመጡ ያስተምራሉ፣ ብርድ ነው ብሎ ሊዘጋው የሚነሣውንም ሰው በዓይናቸው ገሥጸው ያስቀምጡታል።